የመጠገን መብት ምንድን ነው?

ታላቅ እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ሥራዋ የሌሊት ተረኛ ስለሆነ ቤት የምትጠርግላት ሮቦት ገዝታ ነበር፤ ያቺ ክብና ዝቅ ያለች፣ አልጋ ስር ሁሉ እየገባች የምትጠርገዋ። ሁለት ዓመት በደንብ ሠራች። ከዚያ ባትሪዋ ደከመ። እኔ ልጠይቃት ሄጄ ስለነበር «ቆይ፣ እኔ እሠራታለሁ» አልኩና ገልብጬ ስድስት ቪቴ ፈታሁ፣ በኢንተርኔት ያዘዝነውን ባትሪ ከተትኩ። መጠኑ ልክ ነው፣ ቮልቱም ያው ነው። ሮቦቷ ግን ቀይ መብራት አብርታ ባትሪውን አላውቀውም አለች። ሦስቴ አወጣሁ፣ ሦስቴ መለስኩ። ወይ ፍንክች።

የመጠገን መብት የሚባለው ሐሳብ የመጣው እንዲህ ካለው ነገር ነው። ዕቃ የገዛ ሰው ራሱ መጠገን ወይም በፈለገው ባለሙያ ማስጠገን ይችላል፣ አምራቹም መለዋወጫውን፣ የጥገና መመሪያውንና የመመርመሪያ ሶፍትዌሩን በተመጣጣኝ ዋጋ ማቅረብ አለበት ማለት ነው።

«የገዛሁት ዕቃ የራሴ አይደል እንዴ፣ ደግሞ ምን መብት ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። ድሮ አያስፈልገውም ነበር። የአባታችን ቴፕ ሲበላሽ የሰፈራችን ሬዲዮ ሠሪ በካቻቢቴ ከፍቶ፣ የላላውን ላስቲክ ከሌላ የሞተ ቴፕ በወጣ ላስቲክ ቀይሮ በዚያው ቀን ይመልስልን ነበር። ማንንም አያስፈቅድም። ዛሬ ግን ማሽኑ ውስጥ ኮምፒውተር አለ፣ ኮምፒውተሩም የሚታዘዘው ለአምራቹ ነው።

ዋናው ዘዴ መለዋወጫን በኮድ ማሰር ነው። ባትሪው፣ ስክሪኑ ወይም ካሜራው የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠውና ማሽኑ ያንን ቁጥር ካላየ ወይ አይሠራም ወይ ግማሽ ሥራ ይሠራል። አይፎን 13 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ስክሪኑ በውጭ ባለሙያ ከተቀየረ ስልኩ የባለቤቱን ፊት አይቶ መከፈቱ ይቀር ነበር። ስለዚህ ጠጋኞቹ ከተሰበረው ስክሪን ላይ አንዲት ትንሽ ቺፕ በማይክሮስኮፕ እያዩ ነቅለው አዲሱ ላይ መበየድ ያዙ። አስቡት፣ የተሰበረ መስታወት ለመቀየር ማይክሮስኮፕ! ጩኸቱ ሲበዛ አፕል በሶፍትዌር አስተካከለው። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ደግሞ በ2024 መለዋወጫን በኮድ ማሰርን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ናት።

አምራቾች «ለደኅንነት ነው» ይላሉ። በሊቲየም ባትሪ እሳት አይቀለድም፣ ይህ እውነት ነው። ግን ደኅንነት ካሳሰባቸው ትክክለኛውን ባትሪ ለማንም ይሽጡ፣ አገጣጠሙንም ያሳዩ። በር መዝጋቱ ማንንም ከእሳት አያድንም።

ሮቦት ላይ ሌላም ችግር አለ፣ ይህኛው ያመኛል። ብዙዎቹ የሚያስቡት ራሳቸው ውስጥ ሳይሆን ሩቅ ባለ የኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ከጠፋ ምንም ያልተሰበረ ማሽን ይሞታል። ጂቦ የምትባል 899 ዶላር የምትሸጥ የቤት ሮቦት ነበረች፣ ከቤተሰብ ጋር የምታወራ፣ የምትደንስ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሰርቨሩ ሊዘጋ መሆኑን ለባለቤቶቿ ራሷ ነገረቻቸው። እንደ ቤተሰብ ያቀረቧት ልጆች ነበሩ።

የጃፓኑን አይቦንም ስሙ። ሶኒ ይህን የሮቦት ውሻ እ.ኤ.አ. በ1999 አውጥቶ በ2006 ማምረት አቆመ፣ በ2014 ደግሞ ጥገናውንም ተወ። ከሶኒ የወጡ መሐንዲሶች አ-ፈን በሚባል ድርጅት ሆነው መጠገኑን ቀጠሉ። መለዋወጫ ከየት ይምጣ? ሰዎች ከሰጧቸው የሞቱ አይቦዎች። ከመፈታታታቸው በፊት ግን ቺባ ውስጥ ባለ ቤተ መቅደስ፣ መነኩሴ ባለበት፣ ጸሎት ይደረግላቸዋል። ሰው ከዕቃው ጋር እንዲህ ይተሳሰራል እኮ።

በአውሮፓ ኅብረት በ2024 የወጣው የመጠገን መመሪያ ከጁላይ 31 ቀን 2026 ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን ነው የተወሰነው። እንደ ስልክ፣ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ ያሉ ዕቃዎች ዋስትናቸው ካለቀም በኋላ አምራቹ እንዲጠግን ያስገድዳል፣ ያለ በቂ ምክንያት ጥገናን በሶፍትዌር ማገድንም ይከለክላል።

እኛ አገር ምናለሽ ተራ ምንም ዕቃ አይጣልም፤ በርሜሉ ምጣድ፣ ጎማው ባልዲ ይሆናል። ሶማሌ ተራ ሄዶ የሠላሳ ዓመት መኪና ዕቃ ያላገኘ ስንት ሰው ነው? ይህ ሁሉ ሙያ ግን የተሠራው በሚፈታ ብረት ላይ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሎ መንገዱ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። መኪናው ጥሩ ነው፣ ለነዳጅ አያሰልፍም። ግን ጎበዙ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ የሚያገኘው የታሸገ ሳጥንና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ኮምፒውተር ከሆነ እጁ ምን ይሥራ? የመጠገን መብት ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እንደኛ አዲስ ዕቃ በየዓመቱ መግዛት ለማይችል ሰው ነው።

እና ዕቃ ስትገዙ ሻጩን ጠይቁት። ባትሪው በካቻቢቴ ይወጣል? ዋይፋይ ባይኖር ይሠራል? መለዋወጫው ለብቻው ይሸጣል? እህቴ ሁለተኛዋን ሮቦት ስትገዛ ሦስቱንም ጠየቀች። ያገለገለች ናት፣ አፕም የላትም፤ አንድ ቁልፍ ስትጫኗት ትነሳለች። ባለፈው ወር ባትሪዋን ራሷ ቀይራ ቪዲዮ ላከችልኝ፣ ሁለት ቪቴ ብቻ ነው የፈታችው።