«ሎሚ ይገድለዋል» እና ሌሎች ሳናላምጥ የምንውጣቸው አባባሎች

ጣና ዳር አሳ ቤት ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ፣ ስለ ምግብም ስለ ስልክም የማይባል ነገር የለም። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ጥሬ አሳ ሎሚ ከተጨመቀበት ችግር የለውም።»
ሎሚው ሲያርፍበት ሥጋው ነጣ ይላል፣ ጠንከርም ይላል። የበሰለ ይመስላል፤ ግን ጥሬ ነው። የሎሚው አሲድ የሥጋውን መልክ ይለውጣል እንጂ ውስጡ የተደበቀ የጥገኛ ትል እጭ ካለ አይገድለውም። ዳጣውም አይገድለውም። አረቄውም ያው ነው፤ ጠጪው ቢከፋውም። የሚያስተማምነው እሳት ነው፦ የሥጋው ውስጥ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። በቅዝቃዜ ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን መቆየት ይፈልጋል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር የቤት ፍሪጅ ይህን ይችላል ብላችሁ አትመኑ። ቆሮሶውን ጥብስ፣ አምባዛውን ወጥ በሉት።

«ዘይቱ ላይ ኮሌስትሮል የለውም ተብሎ ተጽፏል፤ ለልብ ጥሩ ነው።»
የትኛው የአትክልት ዘይት ነው ኮሌስትሮል ያለው? እሱ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከቅቤና ከእንቁላል ነው። የሌለውን በትልቁ ጽፎ ያለውን ዝም ማለት የነጋዴ ብልጠት ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ በደማችን መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሽሮው በዚህ ዘይት እየዋኘ «የጾም ስለሆነ ጤናማ ነው» ሲባል ስሰማ ይገርመኛል።

«ጁስ ያው ፍራፍሬ ነው።»
ስኳሩ እስኪጨመር ድረስ፣ አዎ በሉት። ከላይ ቪምቶ ከተደፋበትማ ስፕሪሱ ኬክ ሆነ። «ያለ ስኳር» ብሎ ማዘዝ ነውር የለውም።

«ቪዲዮ አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»
ቪዲዮው እውነተኛ ሆኖ ቀኑና ቦታው ሌላ ሊሆን ይችላል። የዛሬ ሦስት ዓመት የሌላ አገር ጎርፍ «ዛሬ ጠዋት» ተብሎ ይለጠፋል።

«ላይክም ሼርም አላደረግኩም፤ ዝም ብዬ ነው ያየሁት።»
ቲክቶክ ዝምታችንንም ይቆጥራል። የስድብ ቪዲዮ ላይ «ኤጭ!» እያልን እስከ መጨረሻው ከቆየን፣ የሚመዘግበው መቆየታችንን ነው። ነገ ጓደኞቹን ይዞልን ይመጣል። ቶሎ እለፉት። አልሄድም ካለ ቪዲዮው ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ ቆዩ፤ «አልፈልገውም» የሚል ምርጫ ይወጣል።