የዕለት ተዕለት ተግባር ምዘና ምንድን ነው?

ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት አንዲት የ9 ዓመት ተማሪ አለች እንበል። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ስትገባ የሹራቧን ቁልፍ አንድ በአንድ ትቆልፋለች። ጊዜ ይፈጅባታል እንጂ ትችላለች። ጠዋት ቤት ውስጥ ግን ዩኒፎርሟን የምታለብሳት እናቷ ናት። ሰርቪሱ በር ላይ ክላክስ እያደረገ ማን ሩብ ሰዓት ይጠብቃል?

ታዲያ ይቺ ልጅ መልበስ ትችላለች ወይስ አትችልም?

የዕለት ተዕለት ተግባር ምዘና ይህን ጥያቄ ከልቡ የሚይዝ ሥራ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ ከደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው። ሐኪሙ ጡንቻው ምን ያህል እንደገተረ፣ ጉልበቱ እስከ የት እንደሚዘረጋ ያያል። ምዘናው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ልጁ በራሱ ይበላል? ይታጠባል? ከቦታ ቦታ ይሄዳል? የፈለገውን ያስረዳል? ሰው ምን ያህል ያግዘዋል?

ለዚህ የተዘጋጁ መጠይቆች አሉ። ዊፊም የሚባለው 18 ተግባሮችን ያያል፤ ለእያንዳንዱም ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል። 1 ሁሉን ነገር ሰው ይሠራለታል ማለት ነው፤ 7 ደግሞ ያለ ማንም እርዳታ፣ ሳይዘገይ፣ ራሱ ይሠራዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ፔዲ ደግሞ ልጁ የሚችለውን ለብቻ፣ የሚደረግለትን እርዳታ ለብቻ ይመዘግባል። እኔ ትልቁን ቁም ነገር የማየው እዚህ ላይ ነው። «ትችላለች» እና «ታደርጋለች» ሲለያዩ መፍትሔውም ይለያያል። ያቺ ልጅ የሚያስፈልጋት ተጨማሪ የጣት ልምምድ ላይሆን ይችላል። ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መነሣት፣ ወይም ተለጥፎ የሚዘጋ ሹራብ ሊበቃት ይችላል።

መጠይቁን ቃል በቃል ተርጉሞ መጠቀም ግን ያሳስታል። ፔዲ ስለ ሹካና ቢላ አጠቃቀም ይጠይቃል። እኛ ጋ ጥያቄው እንጀራ መቁረስና ወጥ መጠቅለል ነው። ቀኝ እጁ የማይታዘዘው ልጅ በግራው አሳምሮ ሊጎርስ ይችላል። ግን ገበታ ላይ «በቀኝህ ብላ» ይሉታል፤ አፍሮ እጁን ይሰበስባል። ከዚያ እናቱ ታጎርሰዋለች። መዛኙ ይህን ካላወቀ «መብላት አይችልም» ብሎ ይጽፋል።

መጠየቅ ያለባት እናት ብቻም አይደለችም። ልጁ ቀኑን የሚያሳልፈው ትምህርት ቤት ነው። ደረጃው፣ ጭቃው፣ የምሳ ዕቃው ክዳን፣ የእረፍት ሰዓት ግፊያው፣ ይህን ሁሉ የምታውቀው መምህሯ ናት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁን ራሱን መጠየቅ ያስፈልጋል። «ትምህርት ቤት ሽንት ቤት አያስቸግረውም» የተባለለት ልጅ ቀስ ተብሎ ሲጠየቅ፣ እዚያ ላለመሄድ ሲል ከጠዋት እስከ ማታ ውኃ እንደማይጠጣ ሊናገር ይችላል።