የቪዲዮ ካሴት ሊኒየር ድምፅ ምንድን ነው? ከሃይፋይስ በምን ይለያል?

የድሮ የሠርግ ካሴት ሲያጫውቱ ምስሉ ደህና ሆኖ ድምፁ የታፈነ ወይም ጥዝዝ የሚል ከሆነ ዴኩን (የቪዲዮ ማጫወቻውን) ከመፍታትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። በቪኤችኤስ (በተለመደው የቪዲዮ ካሴት) ቴፕ ላይ ድምፅ የሚቀዳው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሊሆን ይችላል፤ የሚያነቧቸው ሄዶችም፣ ማለትም ቴፑን የሚነኩት የማንበቢያና የመቅጃ ክፍሎች፣ የተለያዩ ናቸው።

የቴፑ ስፋት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። በላይኛው ጠርዝ 1 ሚሊ ሜትር በሚያህል መስመር ላይ የተቀዳው ሊኒየር ድምፅ ይባላል። የሚያነበው የማይሽከረከር ሄድ ሲሆን የሚገኘው በድራሙ (የምስል ሄዶቹን ይዞ በሚሽከረከረው ሲሊንደር) እና በተጫኝ ጎማው (ቴፑን ተጭኖ በሚያስኬደው ጎማ) መካከል ነው። በፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት መደበኛ ፍጥነት ቴፑ በሰከንድ የሚጓዘው 23.39 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የሙዚቃ ካሴት ግን 47.6 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ ሊኒየር ድምፅ ጤነኛ ሆኖም ቀጫጭን ድምፆች ይጎድሉታል። ከዚህ በላይ ጥራት አይጠብቁ።

ሃይፋይ ድምፅ የሚቀዳው ደግሞ በሚሽከረከረው ድራም ላይ ባሉ ሄዶች፣ ከምስሉ ሥር ጠለቅ ብሎ ነው። ድራሙ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፤ ሁለቱ ሄዶች በሰከንድ 50 ጊዜ ይፈራረቃሉ። ቅብብሉ ሲዛባ የሚሰማው ጥዝዝታ ከዚህ ይመጣል።

ምርመራው ቀላል ነው። መጀመሪያ ሌላ ካሴት ይሞክሩ፤ ጥፋቱ የቴፑ ሊሆን ይችላል። ካሴቱ ቆሞም ጉምጉምታው ካልጠፋ ገመዱን ወይም የኃይል ክፍሉን ይጠርጥሩ። ከዚያ በሪሞቱ ላይ «ኦዲዮ» የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ሃይፋይና ኖርማልን (ሊኒየሩን) ያፈራርቁ። ኖርማሉ ብቻ ከታፈነ ቋሚው ሄድ ቆሽሿል ወይም አቅጣጫው ተዛብቷል። ሃይፋዩ ብቻ ከተንጫጫ ትራኪንጉን (ሄዶቹ የቴፑን መስመር በትክክል እንዲከተሉ የሚያደርገውን ማስተካከያ) በእጅ ያስተካክሉ፤ ለድምፁ የሚስማማው ነጥብ ምስሉ በጣም ከሚያምርበት ነጥብ ትንሽ ሊርቅ ስለሚችል በጆሮዎ ይመሩ። ድምፁ በየመሀሉ ጥራቱን የሚቀያይር ከሆነም የሃይፋይ ምልክቱ ሲደክም ዴኩ ራሱ ወደ ሊኒየር እየተሸጋገረ ነው።

ይህ ቁልፍ ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው። በዴኩ «ኦዲዮ ደብ» ሙዚቃ ሲጨመር የሚጠፋው ሊኒየሩ ድምፅ ብቻ ነው። ካሴቱ መጀመሪያ በሃይፋይ ዴክ ተቀድቶ ከሆነ ከዘፈኑ ጀርባ ጠፋ የተባለው የአባትና የእናት ምርቃት በሃይፋዩ ላይ እስከ ዛሬ አለ። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ከማዛወርዎ በፊት ሁለቱንም ያዳምጡ።

ለጽዳት ዴኩን ከሶኬት ነቅለው ክዳኑን ይክፈቱ። ቋሚውን ሄድ በ99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ የጆሮ ጥጥ ይጥረጉ። በድራሙ ላይ ግን ጥጥ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ክሩ ሄዱን ይዞ ይሰብረዋል። አልኮል የነካ የሻሞይስ ቆዳ (ለስላሳ የመጥረጊያ ቆዳ) ሳያንቀሳቅሱ በቀስታ ያስጠጉና ድራሙን ከላይ በጣት ያሽከርክሩት። ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ ሄድ ይገድላል። ካሴት ከማስገባትዎ በፊት አልኮሉ ደርቆ ይለቅ።

ከጽዳት በኋላም ሊኒየሩ ከታፈነ የቋሚው ሄድ ዘንበል ማለት፣ ማለትም አዚመዙ፣ ተዛብቷል። የአዚመዙ ብሎን ያለበትን ቦታ ምልክት አድርገው ከፋብሪካ የተቀዳ ጥሩ ካሴት እያጫወቱ አንድ ስምንተኛ ዙር ያህል ወዲህና ወዲያ ይሞክሩ፤ ድምፁ በጣም በሚጠራበት ላይ ያቁሙ። ሌሎቹን ብሎኖች አይንኩ። ይኸው ሄድ በታችኛው ጠርዝ ያለውን የመቆጣጠሪያ መስመርም ስለሚያነብ ከፍታው ከተነካ ምስሉም ይበላሻል።

ድምፁ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የሄድ አይደለም። ተጫኝ ጎማው ደርቆ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ቴፑን እያንሸራተተ ነው። ቆሻሻ ብቻ ከሆነ ውሃ በነካ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከጠነከረ በልኩ ሌላ ይቀየርለት።