ናቹራል ወይስ ሶሻል፦ ከ10ኛ ክፍል በኋላ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የ10ኛ ክፍል ካርድ ሲሰጥ ከአያት እስከ ጀሞ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቡራዩ በየቤቱ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ይሻላል ሶሻል (ማኅበራዊ ሳይንስ)? የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘርፍ የሚመረጠው በትምህርት ቤት ውጤትና በቤተሰብ ምክክር ነው። ምክሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከጎረቤት፣ ከታላቅ ወንድምና ከጓደኛ ነው። ከዚህ ምክር ውስጥ ብዙው ወይ ጊዜው ያለፈበት ነው ወይ ከመጀመሪያውም ልክ አልነበረም።

«ናቹራል የሰቃይ፣ ሶሻል የሰነፍ ነው»

ይህን አባባል ቁጥሩ አይደግፈውም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በተሰጠበት ዙር፣ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአጠቃላይ 3.3 በመቶ ነበሩ። በዘርፍ ሲከፈል ከተፈጥሮ ሳይንስ 6.8 በመቶ፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ ግን 1.3 በመቶ ብቻ ናቸው ያለፉት። ሶሻል ማምለጫ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ የተገላቢጦሽ በሆነ ነበር።

ይህ ማለት የሶሻል ፈተና በራሱ ከናቹራል ይከብዳል ማለት አይደለም። ለዓመታት በሒሳብና በእንግሊዝኛ የደከመ ተማሪ ሁሉ «እዚያ ይቀልሃል» እየተባለ ወደ ሶሻል ሲላክ ኖሯል፤ ውጤቱ ላይም ይኸው ይታያል ብለን እናምናለን። የታሪክና የጂኦግራፊ ጥያቄዎች ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በፍጥነት አንብቦ መረዳትን ይጠይቃሉ። ኢኮኖሚክስ ደግሞ ግራፍ አንብቦ ማስላትን ይጠይቃል። ሽምደዳ ብቻውን አያሻግርም።

«ሶሻል ሒሳብ የለውም»

አለው። የፈተና ወረቀቱ ከናቹራሉ ቢለይም ሒሳብ በሁለቱም ዘርፍ ይፈተናል። በ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ስታቲስቲክስ፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግና የንግድ ሒሳብ አሉ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም የሶሻል ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ሒሳብ ይወስዳል። አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ማኔጅመንት የሚያስብ ልጅ ከሒሳብ ለመሸሽ ሶሻልን ቢመርጥም አያመልጥም።

«ውጤቴን የሚወስኑት የዘርፉ ትምህርቶች ናቸው»

ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ሂሳቡን በዝርዝር እንየው።

አንድ ተማሪ በ6 ትምህርት፣ እያንዳንዱ ከ100 ሆኖ ይፈተናል እንበል። ናቹራሉ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አፕቲቲዩድ (የማሰብና የማመዛዘን ችሎታ ፈተና)፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይወስዳል። ሶሻሉ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ አፕቲቲዩድ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይወስዳል። ከስድስቱ ሦስቱ፣ ማለትም ከነጥቡ ግማሹ፣ የትኛውም ዘርፍ ቢመረጥ አይቀሩም። ለፊዚክስ አስጠኚ በወር የሚከፍል ቤተሰብ ለእንግሊዝኛ ግን መጽሐፍ እንኳ ገዝቶ አያውቅም።

የሚታየው ደግሞ ድምሩ ነው፤ በእያንዳንዱ ትምህርት 50 ማምጣት ግዴታ አይደለም። ምሳሌ፦ ሒሳብ 38፣ ፊዚክስ 35፣ ኬሚስትሪ 44፣ ባዮሎጂ 62፣ እንግሊዝኛ 66፣ አፕቲቲዩድ 60። ድምሩ 305፣ ከ600 ከግማሽ በላይ ነው። ይህ ተማሪ በሦስት ትምህርት ከ50 በታች አምጥቶም አልፏል። እንግሊዝኛውን ከ66 ወደ 56 አውርዱት፤ 295 ሆነና ወደቀ። ፊዚክስን ከ35 ወደ 45 ለማሳደግ የሚጠይቀውን ልፋትና እንግሊዝኛን በ10 ነጥብ ለማሳደግ የሚጠይቀውን ልፋት አነጻጽሩና የአስጠኚውን ገንዘብ ለየትኛው እንደምትከፍሉ ወስኑ።

«አፕቲቲዩድ አይጠናም» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይወድቃል። የቃላት ዝምድና፣ ጽሑፍ አንብቦ መደምደም፣ በመቶኛ፣ በጥምርታና በሠንጠረዥ ላይ የተመሠረተ ስሌት፦ የጥያቄው ዓይነት ስለሚደጋገም የቆዩ ፈተናዎችን ሰዓት ይዞ መሥራት ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ፈተናው ምርጫ ነው፤ አራት አማራጭ ባለበት ጥያቄ ዝም ብሎ የገመተ ተማሪ በአማካይ ከ100 ወደ 25 ያገኛል። ስለዚህ በሙከራ ፈተና በአንድ ትምህርት 28 ወይም 30 ያመጣ ልጅ «ትንሽ ይቀረዋል» አይባልም። ያንን ትምህርት ገና አልጀመረውም ማለት ነው። በክፍል ፈተና ላይ ለአሠራር ሂደት የሚሰጥ ነጥብም እዚህ የለም። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ካርድ ላይ 80 ያለው ተማሪ በሙከራ 40 የሚያመጣው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

«ዘርፍ የሚመረጠው በአማካይ ውጤት ነው»

አማካይ ምንም አይናገርም። በአንድ ወረቀት ላይ የ9ኛን ሁለት ሴሚስተር፣ የ10ኛን ሁለት ሴሚስተር፣ በድምሩ አራት ረድፍ አውጡ። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን በአንድ ወገን፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስን በሌላው ወገን፣ ሒሳብና እንግሊዝኛን መሐል ጻፉ። ማየት ያለባችሁ የነጥቡን አካሄድ ነው። ፊዚክስ 82፣ 76፣ 70፣ 61 እየሆነ የመጣ ልጅ አማካዩ 72 ቢሆንም በ11ኛ ክፍል የሚጠብቀው ቁልቁለት ነው። በሌላ በኩል ኬሚስትሪ 58፣ 63፣ 67፣ 71 ያለው ልጅ ተስፋ አለው።

ቀጥሎ ልጁን ከቆየ የ12ኛ ፈተና ውስጥ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ጥያቄዎችን ብቻ መርጣችሁ ሰዓት ይዛችሁ አሠሩት። ብሔራዊ ፈተናው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ስለሚጠይቅ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠፋም። የካርዱና የሙከራው ውጤት ከተራራቁ የሚታመነው ሙከራው ነው።

«ናቹራል ከገባሁ በር ሁሉ ክፍት ነው»

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ ዘርፍን ይከተላል። ሕግ፣ አካውንቲንግ፣ ጋዜጠኝነት፣ ታሪክ የሶሻል በሮች ናቸው። ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ምህንድስና፣ አርክቴክቸር፣ ኮምፒውተር ሳይንስና ሶፍትዌር የናቹራል ናቸው። ጠበቃ የመሆን ፍላጎት ያላትን ልጅ «በሩ እንዳይዘጋ» ብሎ ናቹራል ማስገባት በሯን ራሱ መዝጋት ነው።

ብዙ ሰው የሚስታቸውም አሉ። ስታቲስቲክስ የናቹራል ነው። አግሪካልቸራል ኢኮኖሚክስ ስሙ ኢኮኖሚክስ ይበል እንጂ የግብርና ፊልድ ስለሆነ የሚቀበለው ከናቹራል ነው። ንግድ የሚወድ ግን ባዮሎጂም የማይጠላው ልጅ ይህን ሳያውቅ ያልፋል።

«ሐኪም ለመሆን ባዮሎጂ መውደድ ይበቃል»

አይበቃም። ለሕክምና የሚያበቃው የሁሉም ድምር ነው፤ ኬሚስትሪ የማይሆንለት ልጅ ፍሬሽማን ላይ ሌላ ሰው ይቀድመዋል።

«ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ የፈለግሁት ዲፓርትመንት ይሰጠኛል»

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ፍሬሽማን ነው። ናቹራሉ ሒሳብ፣ ጄኔራል ፊዚክስ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊና እንግሊዝኛ ይማራል። ከዚያ ወደ ምህንድስና፣ ወደ ጤና ወይም ወደ ሌሎች የተፈጥሮ ሳይንሶች ይለያል። ዲፓርትመንት የሚገኘው በውድድር ነው፤ የፍሬሽማን ነጥብ ከባድ ድርሻ አለው፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ምን ያህል እንደሚታይ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። ስለዚህ ዘርፍ ስትመርጡ አንድ ፊልድ ብቻ አትያዙ። «ሕክምና ባይሆን ምን?» የሚለው ጥያቄ በዚያው ዘርፍ ውስጥ ልጁ በፈቃዱ የሚማራቸው ቢያንስ ሁለት ሌላ መልሶች ሊኖሩት ይገባል። ከሌሉት ዘርፉ የእሱ አይደለም።

«ዩኒቨርሲቲው ሰፈራችን ነው፣ ቅድሚያ እናገኛለን»

በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ይህ በሰፊው ይወራል። ቂሊንጦ አካባቢ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እንደ አዳማው አቻው የሚቀበለው የናቹራል ተማሪ ነው፤ የራሱም የመግቢያ ፈተና አለው። የአጥሩ ጎረቤት መሆን ነጥብ አይጨምርም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። ሌሎቹ በምደባ ስለሆኑ ልጁ ጅማ ወይም ጎንደር ሊደርሰው ይችላል። የቤት ኪራይና መመላለሻ የማይከብድበትን መንገድ የሚፈልግ ቤተሰብ ለእነዚህ ተጨማሪ ፈተናዎች ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ መዘጋጀት አለበት። ትምህርት ቤቱ በሸገር ከተማ ሥር መሆኑ ወይም በአዲስ አበባ ሥር መሆኑም ለውጥ አያመጣም፤ የ12ኛው ፈተና አንድ ነው።

«ዘርፉን ከመረጥን የት መማሩ ለውጥ የለውም»

በከተማው ዳርቻ ይህ ከሁሉ በላይ ይጎዳል። አንዳንድ አነስተኛ የግል ትምህርት ቤቶች በ11ኛ ክፍል የሚከፍቱት ናቹራልን ብቻ ነው፤ ሶሻል የሚፈልግ ልጅ እዚያው ለመቆየት ሲል ብቻ ናቹራል ይገባል። አዲስ በተከፈተ ትምህርት ቤት ደግሞ ናቹራል ኖሮ ቤተ ሙከራ ላይኖር፣ ወይም ቤተ ሙከራው ቁልፍ እንጂ ኬሚካል የሌለው ሊሆን ይችላል።

ለመመዝገብ ስትሄዱ ርዕሰ መምህሩን ብቻ አትጠይቁ። በዚያው ትምህርት ቤት 11ኛን የጨረሰ አንድ ተማሪ ፈልጉና የፊዚክስና የኬሚስትሪ ደብተሩን ገልጣችሁ እዩ። መጨረሻ የተጻፈው ምዕራፍ የትኛው ነው? ከመጽሐፉ ማውጫ ጋር አስተያዩት፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ከሌሉ ያው ልጃችሁም አያገኛቸውም። ቀን የተጻፈበት ከሆነ የበለጠ ይናገራል፦ ከጥር እስከ መጋቢት ባዶ ከሆነ መምህር አልነበረም ማለት ነው። የቤተ ሙከራ ሪፖርት የተለጠፈበት ወይም የተሳለበት ገጽ አለ? በሶሻል በኩል ደግሞ የኢኮኖሚክስ ደብተር ውስጥ የተሰላ ጥያቄና የተሠራ ግራፍ መኖሩን እዩ።

ኮምፒውተርም ጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተፈታኞቹ ከፊሉ በኦንላይን ነው የሚፈተኑት። አይጥ ይዞ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያ ልምምዱ የፈተናው ቀን መሆን የለበትም።

«ቴክኒክና ሙያ የሚገባው የወደቀ ነው»

በ2016 ዓ.ም. ፈተናውን ያለፉት 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። ከአሥር ተማሪ ለዘጠኙ የሚሆን ሁለተኛ መንገድ አስቀድሞ አለማሰብ ሞኝነት ነው። ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ 5 ይሄዳል፤ በየደረጃው መጨረሻ ላይ የብቃት ምዘና፣ ማለትም ሲኦሲ አለ፤ የመግቢያ ነጥቡም በየዓመቱ ይወጣል። በአቃቂ ፋብሪካዎች፣ በቂሊንጦና በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አጠገብ ለሚኖር ልጅ ኤሌክትሪክ፣ ማሽን ጥገና ወይም አልባሳት ቅርብ ሥራ ነው። ለኤሌክትሪክና ለማሽን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ፊዚክስና ሒሳብ በቀጥታ ይጠቅማሉ፤ ለሒሳብ አያያዝና ለሽያጭ የሶሻሉ ኢኮኖሚክስ። ስለዚህ ዘርፍ ሲመረጥ ይህም መንገድ ይታይ።

«ካልሆነ የግል ኮሌጅ እከፍላለሁ»

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለዲግሪ መመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍን ይጠይቃል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ የግል ተማሪውም አይቀርለትም። ከመክፈላችሁ በፊት እውቅናውን አረጋግጡ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ነው። መገናኛ ላይ ያለው ካምፓስ ለአካውንቲንግ የተሰጠው ፈቃድ ሰበታ ላይ ለተከፈተው ቅርንጫፍ አይሠራም። ፈቃዱ ላይ የካምፓሱን፣ የፕሮግራሙንና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ።

«አሁን ልግባ፣ ካልተስማማኝ እቀይራለሁ»

መቀየር የሚቻለው 11ኛ ክፍል በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ሌላው ክፍል ቦታ ካለው። ዓመቱ ካለቀ በኋላ መቀየር በአብዛኛው 11ኛን እንደገና መማር ማለት ነው። ስለዚህ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ የመጀመሪያዎቹን የክፍል ፈተናዎች ውጤት ተመልከቱና ወስኑ፤ እስከ ሴሚስተር ካርድ አትጠብቁ።

12ኛ ክፍል ደርሶ ለፈተና ሲመዘገብ ደግሞ የምዝገባ ወረቀቱን ልጁ ራሱ ያንብብ፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የስሙ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ ጾታ፣ ፎቶ እና ዘርፍ። ናቹራል የነበረ ተማሪ በመዝጋቢ ስህተት ሶሻል ተብሎ ከገባ የሚላከው ወደ ሌላ የፈተና ዙር ነው። ስህተቱ የሚታረመው ምዝገባው ሳይዘጋ በትምህርት ቤቱ በኩል ስለሆነ፣ ወረቀቱ በእጅ በገባበት ቀን ይታይ።