ሆያ ሆዬ ምንድን ነው?

ሆያ ሆዬ በቡሄ ሰሞን ወንዶች ልጆች በየደጁ እየዞሩ የሚጨፍሩበት የቃል ግጥም ነው። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ «ሆ» እያሉ ይቀበላሉ። ዱላው መሬቱን ይደልቃል። ክፍያውም የታወቀ ነው፤ ሙልሙል ዳቦ። ብዙ ሰው የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ ያልፈዋል። ስንኞቹን ረጋ ብሎ ለሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአንድን ቤት ጓዳ፣ ምጣድና በረት እየዞረ የሚያይ ግጥም ነው።

ቡሄ የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ነሐሴ 13 ይውላል። በዋዜማው ችቦ ይበራል፣ ጅራፍ ይጮኻል። ስለ ዳቦው ሲተረክ የኖረው እንዲህ ነው። ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃኑን ሲገልጥ አካባቢው እንደ ቀን በራ። እረኞቹ ልጆች መምሸቱን ሳያውቁ እዚያው ቀሩ። ወላጆች ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። አምሽቶ የቀረ ልጅ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ይህ ታሪክ አይጠፋውም። በክርስትና የተዛመዱ ቤተሰቦችም ለክርስትና ልጃቸው ሙልሙል የሚሰጡት በዚሁ ቀን ነው።

አሁን ወደ ግጥሙ እንምጣ።

እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል፣
አጋፋሪ ይደግሳል፤
ያቺን ድግስ ውጬ ውጬ፣
ከድንክ አልጋ ተገልብጬ።

ልጆቹ በመጀመሪያ የሚያዩት ጭሱን ነው። ጭስ ካለ እሳት አለ፣ እሳት ካለ ምጣድ አለ። አጋፋሪ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ግብር ላይ እንግዳ የሚያስተናግድ ሹም ነበር። ሹመቱ ከቀረ ቆይቷል፤ በልጆች አፍ ግን ዛሬም እየደገሰ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የሙክቱ ስንኝ ነው።

የኔማ ጌታ የሰጠኝ ሙክት፣
ከግንባሩ ላይ አለው ምልክት፤
መስከረም ጠባ እሱን ሳነክት።

ቀኑን ልብ በሉ። ነሐሴ 13 ፍልሰታ ጾም ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው። ፍልሰታን ደግሞ ልጆችም ይጾሙታል። እና እነዚህ ጾመኞች በሰው ደጅ ቆመው የሚያወሩት ስለ ደለበ በግ ነው! እጃቸው ላይ የሚገባው ወተትም ቅቤም ያልነካው የስንዴ ዳቦ ነው፤ አፋቸው ግን ጾሙንም ክረምቱንም ዘሎ መስከረም ደርሷል። ባለቤቱም አይቆጣም። ሙክት ሰጪ መባል ማንን ያስከፋል?

እመቤቲቱም አትቀርም።

የኔማ እመቤት የጋገረችው፣
የንብ እንጀራ አስመሰለችው።

ለባለሙያ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ ይቸግራል። የእንጀራዋ ዓይን እንደ ማር እንጀራ ጥርት ብሎ ወጥቷል ማለት ነው። ሊጡ እንዴት እንደ ቦካ፣ ምጣዱ እንዴት እንደ ጋለ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያመሰግን። ልጆቹ ይህን ያወቁት ከየት ነው? ከእናታቸው ጓዳ ነዋ። ስለ ፈትሏም እንዲሁ የሚባል ስንኝ አለ። ጎበዝ አውራጅ ደጁ ላይ እንደ ቆመ ቤቱን አየት አድርጎ ለዚያው ቤት የሚሆነውን ይመርጣል፤ ከጎደለም ይጨምራል። ዳቦው ሲመጣ ጭፈራው ወደ ምርቃት ይዞራል፤ «ዓመት አውደ ዓመት፣ ድገምና ዓመት» እየተባለ።

ዛሬ ከተማ ውስጥ ሙልሙል የሚጋግር ቤት ቀንሷል። ክፍያው ባብዛኛው ብር ሆኗል። አንዳንዱ ጨፋሪ ልጅነቱን ከጨረሰም ቆይቷል፤ መኪና አስቁሞ «የኔማ ጌታ» ሲል ጌታው የታክሲ ሾፌር ሆኖ ይገኛል። እኔ ብሩን አልጠላም። ሙገሳው ግን ደጁንም ሰውንም ሳያይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን ያስታውቃል።

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ቤተሰቦች የማያውቁትን ጎረቤት በር ከማንኳኳት ይልቅ ብዙውን ጊዜ በዓሉን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያከብሩታል። እዚያ ያደገ ልጅ ግጥሙን በቃሉ ይዞ «አጋፋሪ ማነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጭሱም፣ ድንክ አልጋውም ማብራሪያ ይፈልጋሉ። ሙክቱ ግን አያስቸግርም፤ ፍልሰታን የጾመ ልጅ የትም ይደግ ይገባዋል።