ድብርት የፕሮቲን እጥረት ነው እንዴ?
ቆይ፣ ያን ያህል ቀላል አይደለም። የሚወራለት ፕሮቲን ቢዲኤንኤፍ ይባላል፤ ሥራው የነርቭ ሴሎች በሕይወት እንዲቆዩና አዲስ ግንኙነት እንዲፈጥሩ ማገዝ ነው። በእንስሳት ላይ እንደታየው የማያባራ ጭንቀት ሂፖካምፐስ በተባለው፣ ከማስታወስ ጋር በተያያዘው የአንጎል ክፍል ውስጥ መጠኑን ይቀንሰዋል። ድብርት ያለባቸው ሰዎች ደም ውስጥም በአማካይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ከሕክምና በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል።

ታዲያ ለምን በደም ምርመራ አይለይም? "በአማካይ" ነዋ ያልነው! ድብርት ኖሮበት መጠኑ ደህና የሆነ፣ ምንም ሳይሆን ደግሞ ያነሰበት ሰው ሞልቷል። በዚያ ላይ ደም ውስጥ ያለው በብዛት የሚከማቸው ደም በሚያረጉት ፕላትሌቶች ውስጥ ስለሆነ፣ አንጎል ውስጥ ያለውን በቀጥታ አያሳይም። የመጠኑ መቀነስ የድብርት መንስኤ ይሁን ውጤት ራሱ ገና እያከራከረ ነው። ስለዚህ ላስለካ ብላችሁ ላብራቶሪ አትሩጡ፤ ሐኪም ድብርትን የሚለየው በምልክቶቹ ነው።