በሴል ውስጥ «ወረፋ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በሴል ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦችን በወረፋ ሞዴል (ፈላጊዎች አገልጋይ ሲጠብቁ ስንት እንደሚከማቹና ምን ያህል እንደሚቆዩ በሚያሰላ ዘዴ) ስለማጥናት በተጻፈ ቁጥር «ሞለኪዩሎች ተራቸውን ጠብቀው ይስተናገዳሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር አይጠፋም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚስተናገድበት፣ ከቢሮዎቻችን የተሻለ ሥርዓት» ብሎ ሴልን ሲያወድስ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ወረፋና ተራ በንግግራችን አብረው ስለሚሄዱ አንድ ይመስላሉ። ወረፋ ማለት ግን አገልጋዩ በተያዘበት ሰዓት ሌላ ፈላጊ መጥቶ መጠበቁ ነው፤ ተራ ማለት ደግሞ ከሚጠብቁት መካከል ማን እንደሚቀድም የሚወስን ስምምነት ነው። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው ሁለቱንም ያያል፦ ማዳበሪያዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቻቸው ተራ አስይዘው ወደ ሌላ ጉዳያቸው ሄደዋል፤ ፈጪው የማን ከማን ቀጥሎ እንደሚገባ ያውቃል። አሁን ይህ ፈጪ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ማዳበሪያዎቹ ያለ ዕረፍት ቦታ እየተቀያየሩ፣ እጁ የነካውን ሁሉ ወደ ወፍጮው ሲያስገባ እናስብ። ወረፋው እንዳለ ነው፤ ተራው ግን ጠፍቷል። በሴል ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥነው ፕሮቲን፣ ኢንዛይምም፣ እንዲሁ ከሚጋጩት ሞለኪዩሎች አንዱን ይይዛል፤ አንዳንዴም ሥራውን ሳይጨርስ መልሶ ይለቅቀዋል። ከአምስት ደቂቃ በፊት የተሠራ ሞለኪዩል አሁን ከተሠራው አንዳች ቅድሚያ የለውም።

ስህተቱ ሳይታወቅ የሚያልፈው፣ ቀላል በሆነው ሞዴል ውስጥ ተራው ቢጠፋም የተጠባባቂዎቹ አማካይ ቁጥርና አማካይ የቆይታ ጊዜ ስለማይለወጡ ነው። የሚለወጠው የቆይታው መለያየት ነው፤ አንዱ እንደደረሰ ይገባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይዘገያል። በሴል ጥናት ውስጥ የምንፈልገው ደግሞ በአብዛኛው ይህንኑ መለያየት ነው።

በዚህ ሞዴል ውስጥ «ፕሮባቢሊቲ (የዕድል ስሌት) የገባው ባለሙያዎቹ እርግጡን ስላላወቁ ነው» የሚለውም አባባል ልክ አይደለም። በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ የአንዳንድ ጠቃሚ ፕሮቲኖች ቁጥር በአሥር ቤት የሚቆጠር ነው፤ በዚህ መጠን የአንድ ሞለኪዩል መምጣትና መሄድ ራሱ ክስተት ነው። የዴንማርኩ የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ በ1909 ስለ ኮፐንሃገን ስልክ ጥሪዎች ባሳተመው ሥራ የጀመረው ስሌት እዚህ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። አንድ ወፍጮ ብቻ ባለበት ሞዴል፣ የሚመጣው ሥራ የአቅሙን 50 በመቶ ሲይዝ በአማካይ 1 ሞለኪዩል ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ይገኛል፤ 90 በመቶ ሲይዝ 9፣ 99 በመቶ ሲይዝ 99 ይሆናል። በ90 በመቶው ላይ የቁጥሩ መዋዠቅ ራሱ ከአማካዩ ጋር ይቀራረባል።

የሞዴሉ ትልቁ ጥቅም የሚታየው ወፍጮው የጋራ ሲሆን ነው። የጤፉ ማዳበሪያ ሲበዛ፣ ከጤፉ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ገብስም ይከማቻል። በ2011 የታተመ የኢ. ኮላይ ሙከራ፣ ክልፕኤክስፒ በተባለ የጋራ ፕሮቲን ሰባሪ የሚፈርሱ ሁለት አብሪ ፕሮቲኖች ቁጥራቸው በዚህ መንገድ እንደሚተሳሰር አሳይቷል፤ ትስስሩም የሚጎላው የሚመጣው ሥራ ከሰባሪው አቅም ጋር በሚቀራረብበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለት ፕሮቲኖች አብረው ከፍ ዝቅ ስላሉ ብቻ አንዱ ሌላውን ይቆጣጠራል ብሎ መደምደም አይቻልም።

በወፍጮው ምሳሌ ውስጥ የሌሉ ሁለት ነገሮችን ግን መናገር አለብኝ። ጂኖች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በየፋታው ፈንጠቅ እያሉ ስለሆነ ሞለኪዩሎቹ አንድ በአንድ ሳይሆን በጅምላ ይደርሳሉ፤ ይህም መዋዠቁን ከቀላሉ ስሌት በላይ ያደርገዋል። ኢ. ኮላይ ደግሞ ጥሩ ምግብ ሲያገኝ በ20 ደቂቃ ያህል ለሁለት ይከፈላል፤ ያን ጊዜ ወፍጮ ቤቱ ራሱ ተከፍሎ ማዳበሪያዎቹ ሳይፈጩ ወደ ሁለቱ ክፍሎች በዕጣ ይበተናሉ፤ ከላይ የጠቀስኩት 99 ሳይሞላ ብዙው ወረፋ የሚፈርሰውም በዚህ ነው።